የአያታችንን ዌብሊ ሽጉጥ ከመሸጣችን በፊት ዋጋውን በምን እንገምት?

የምድር ባቡር ልጅ፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። አባቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል። በስማቸው ፈቃድ ያወጡበት አንድ አሮጌ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አላቸው፤ እሱንም በሕይወት ሳሉ በሕጋዊ መንገድ ሸጠው ገንዘቡን ለልጆቻቸው ማካፈል ይፈልጋሉ። ቤትና ቦታ በወረቀት ይከፈላል፣ ሽጉጥ ግን ለወንድማማችና ለእህትማማች አይከፈልም፣ ካለፍኩ በኋላ የጠብ ምክንያት ሆኖ እንዳይቀር ይላሉ። የበኩር ልጃቸው በመሆኔ ተገቢውን ዋጋ አጣርቼ እንዳቀርብላቸው ያዘዙኝ እኔን ነው።

ሽጉጡ ወደ ቤታችን የገባው በአያቴ በኩል ነው። አያቴ እዚሁ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ የብረት ሥራ ይሠሩ ነበር። በቤተሰባችን ሲነገር የኖረው ታሪክ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከተማውን ለቆ የደቡብ አፍሪካ ጦር በገባ ጊዜ አያቴ የአንድን መኮንን የተሰበረ የመኪና ዕቃ እንደጠገኑለትና መኮንኑም በምላሹ ሽጉጡን እንደሸለማቸው የሚገልጽ ነው። ይህን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ በእጃችን የለም። በእጃችን ያለው የአባቴ ፈቃድ፣ አያቴ ሽጉጡን በወገባቸው ታጥቀው የተነሱት አንድ ፎቶግራፍ እና ሽጉጡ እስከ ዛሬ የተቀመጠበት የቆዳ ማህደር ብቻ ነው።

ሽጉጡን በተቻለኝ መጠን ልግለጸው። በግራ ጎኑ ላይ በላቲን ፊደል ዌብሊ፣ ማርክ 6 እና 1917 የሚል ተቀርጾበታል። አፈሙዙ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሲሆን፣ ከመምቻው አጠገብ ያለችው መያዣ ስትለቀቅ አፈሙዙ ወደ ታች ይታጠፍና ስድስቱ የጥይት ጉድጓዶች ይታያሉ። የብረቱ ጥቁር ቀለም በጎኖቹ ላይ ደህና ነው፤ አፈሙዙ ጫፍና በማህደሩ የሚታሸው ቦታ ላይ ግን ለቅቆ ግራጫ ሆኗል። የእጀታው ልባስ ጥቁር ነው፤ በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ ጥፍር የምታህል ስብራት አለችበት። ከእጀታው ሥር የገመድ ማንጠልጠያ ቀለበት አለው።

እስካሁን የሰማኋቸው ዋጋዎች እጅግ የተራራቁ በመሆናቸው ግራ ተጋብቻለሁ። በከተማችን ከዚራ ሰፈር አሮጌ ዕቃ የሚገዛ አንድ ነጋዴ ሽጉጡን ሳያይ፣ በስልክ በነገርኩት ብቻ፣ ከአንድ ደህና የእጅ ስልክ ዋጋ የማይበልጥ ገንዘብ ጠራልኝ። በአሜሪካ የሚኖር ዘመዳችን ደግሞ በኢንተርኔት ተመሳሳይ ሽጉጥ በብዙ ሺህ ዶላር ቀርቦ ስላየ ከዚያ በታች እንዳትነኩት ብሎናል። አጎቴ በበኩላቸው ሽጉጡ መጀመሪያ ተወልውሎ፣ ግራጫው ቦታ እንደገና ቀለም ተነክሮ አዲስ ሲመስል ዋጋው እጥፍ ይሆናል ባይ ናቸው፤ የሚሠራላቸውን ባለሙያም አግኝተዋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ፣ የእንዲህ ያለ ሽጉጥ ዋጋ በእርግጥ በምን ይመዘናል? የቤተሰብ ታሪካችንስ በዋጋው ላይ የሚጨምረው ነገር አለ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የግምጃ ቤት ሰው፣ ሐረር

ልጄ፣ ጥያቄህን በጥሞና አነበብኩት። የሥራ ዘመኔን በጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ባለህበት ሁኔታ የሚጠቅመውን ያህል እነግርሃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አጎትህን አስቁምልኝ። አደራ። ለቅርስነቱ የሚፈለግ መሣሪያ ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች ሁሉ የከፋው በደግ ልብ የሚደረግ ውልወላ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሞተር መወልወያ የታሸ ብረት የጠርዙ ስለት ይዶለዱማል፣ የተቀረጸው ፊደል ይሳሳል፣ ትንንሾቹ የመንግሥት ማኅተሞችም እስከናካቴው ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚነከረው አዲስ ቀለም የቱንም ያህል ቢያምር ሰብሳቢ የሆነ ሰው አንድ ጊዜ በጨረፍታ አይቶ ያውቀዋል፤ ግራጫ ሆኖ ከቀረው የፋብሪካ ቀለም ያነሰ ዋጋም ይሰጠዋል። የሰብሳቢዎች ሚዛን የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀለም ምን ያህሉ ቀርቷል ከሚለው ነው፤ በመቶኛ ይቆጥሩታል። አርጅቶ የሳሳ ቀለም ዕድሜው ነው ተብሎ ይታለፋል፤ የተፋቀ ግን ተመልሶ አይመጣም። ላዩን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅና በጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ጠርገው፣ ከዚያ አትለፍ። ዛሬውኑ ደግሞ ከማህደሩ አውጥተህ ለየብቻ አስቀምጣቸው፤ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ በቆዳው ውስጥ የቀረው የማልፊያ ጨውም ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ግራጫ ሆኗል ያልከው ቦታ የማህደሩ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ሽጉጡ ልምጣ። ማርክ 6 የዌብሊ ፋብሪካ ከእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ለብሪታንያ ጦር ያቀረበው፣ በ1915 እ.ኤ.አ. በይፋ የታወቀ ሞዴል ነው። ካሊበሩ (የጥይት መውጫው ስፋት) .455 ኢንች፣ አፈሙዙ 6 ኢንች ማለትም 15 ሳንቲሜትር ከምናምን፣ ክብደቱም ባዶውን ከአንድ ኪሎ ጥቂት ያልፋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተመርቷል፤ ስለዚህ በዓለም ገበያ ብርቅ የሚባል ዓይነት አይደለም። ከ1921 እ.ኤ.አ. በኋላ በኢንፊልድ የመንግሥት ፋብሪካ የተሠሩት በቁጥር ጥቂት በመሆናቸው ይበልጥ ይፈለጋሉ፤ የእናንተው ግን 1917 ስለሚል ከብዙኃኑ ወገን ነው። ብዙ ሺህ ዶላር የሚለውን ወሬ በዚህ ልክ ስማው።

ዋጋ የሚለየው እንግዲህ በመሰሎቹ መካከል ነው። ከመመርመርህ በፊት አባትህ ባሉበት፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ግድግዳ ዞሮ ሽጉጡን ክፈተውና ስድስቱም ጉድጓዶች ባዶ መሆናቸውን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ባዶ ነው ተብሎ የተነገረህን አትመን።

በመጀመሪያ የመለያ ቁጥሩን ፈልግ። በዋናው አካል፣ በአፈሙዙ እና በሚሽከረከረው ጥይት ማጉረሻ ላይ ተመትቷል። ሦስቱ አንድ ከሆኑ ሽጉጡ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ማለት ነው፤ ይህም ዋጋውን በግልጽ ከፍ ያደርገዋል። ቁጥሮቹን በወረቀት ስትገለብጥ የምታምነውን ሳይሆን የምታየውን ጻፍ፤ 3 እና 8 በአሮጌ ብረት ላይ ይመሳሰላሉ።

ቀጥለህ የማጉረሻውን የኋላ ፊት ተመልከት። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ወደ አሜሪካ የተሸጡ ብዙ ማርክ 6 ሽጉጦች የአገሩን .45 አውቶማቲክ ጥይት እንዲጎርሱ ተብሎ የማጉረሻቸው ጀርባ በማሽን ተልጧል። የተላጠው ከጀርባው ባለው ብረትና በራሱ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ያሳያል፤ ፊቱም የማሽን ክብ ጭረት ይኖረዋል። የተላጠ ዌብሊ ካልተላጠው በእጅጉ ያንሳል። ለደኅንነትም አይበጅም፤ የዚያ ጥይት ግፊት ሽጉጡ ከተሠራበት ጥይት ግፊት ይበልጣልና። ድሬዳዋ ውስጥ ሲኖር የቆየ ሽጉጥ ተልጦ አገኘዋለሁ ብዬ አልጠብቅም። አለመላጡ ግን በግምቱ ውስጥ ሊጻፍለት የሚገባ ዋጋ ያለው ነገር ነው።

ከዚያ የአፈሙዙን ውስጥ እይ። ነጭ ወረቀት ከማጉረሻው በኩል አስጠግተህ በብርሃን ከፊት ስታይ ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ስለታም ሆነው ከታዩ ደህና ነው፤ እንደ ፈንጣጣ የተበሳሳ ከሆነ ዝገት በልቶታል። በመጨረሻ መምቻውን በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ስበህ አቁመውና ማጉረሻውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅነቅ አድርገው። ጥብቅ ብሎ መቆም አለበት። ባዶውን ደጋግመህ ቃታ አትሳብ፤ ይህን የሚያህል ዕድሜ ያለው የመምቻ መርፌና ሞላ ቢሰበር ምትክ የምታገኝበት ቦታ የለም።

የእጀታው ስብራት ትንሽ ይቀንሳል እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ልባሱ የራሱ የፋብሪካው ጠንካራ ጥቁር ጎማ ከሆነ በእንጨት እንዳትለውጠው።

ስለ ቤተሰብ ታሪካችሁ የምለው አጭር ነው። ሰብሳቢ ብረት ይገዛል፣ ተረት አይገዛም። ይሁን እንጂ ታሪኩን ብረቱ ራሱ ሊያረጋግጠው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። የደቡብ አፍሪካ ኅብረት መንግሥት በንብረቱ ላይ ይመታ የነበረው ምልክት ዩ የሚባለው የላቲን ፊደል ሲሆን በውስጡ የቀስት ጫፍ አለበት። ያ ምልክት ከተገኘ ሽጉጡ የዚያ ጦር ንብረት እንደነበር ያለ ክርክር ይታወቃል። በአንጻሩ ሁለት የቀስት ጫፎች ፊት ለፊት ተጋጥመው የተመቱ ከሆነ ይህ የብሪታንያ መንግሥት መሣሪያውን ከአገልግሎት አውጥቶ የሸጠበት ምልክት ነው። ያ ሲሆን ሽጉጡ በንግድ መንገድ የመጣ የመሆኑ ዕድል ይሰፋል፣ የመኮንኑ ታሪክም ይዳከማል። ምልክቶቹ ጥቃቅን ናቸው፤ በማጉያ መነጽር፣ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ብርሃን፣ ጎን ለጎን አድርገህ ፈልጋቸው።

ሕግ ነክ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን

ጋሼ የግምጃ ቤት ሰው ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። እኔ የምጨምረው ከሁሉም በፊት መምጣት የነበረበትን ነው፤ በእኛ አገር የዚህ ሽጉጥ ዋጋ ማን በሕግ ሊረከበው ይችላል ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ ሊገመት አይችልም።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ መያዝንም ሆነ ማዘዋወርን ከፈቃድ ጋር ያቆራኘ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መነገድ ወንጀል ነው። ሽጉጡ አሮጌና ታሪካዊ መሆኑ ብቻውን ከዚህ አያወጣውም። በብዙ ሰው ዘንድ ፈቃዱ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚሸጥ የሚመስል ግንዛቤ አለ። የአባትዎ ፈቃድ የአባትዎ ነው፤ ተረካቢው በራሱ ስም የተፈቀደለት መሆን አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ አባትዎ ፈቃዳቸውን ይዘው ወደ ፖሊስ በመሄድ መሣሪያውን ለሌላ ለማስተላለፍ ማሰባቸውን በጽሑፍ ማመልከትና የሚፈቀደውን መንገድ በጽሑፍ መቀበል ነው። ዕድሜያቸው ለመንቀሳቀስ የማይመች ከሆነ ውክልና ይስጡ እንጂ ሽጉጡን ለልጅ አስይዘው አይላኩ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ ይዞ መንገድ ላይ መገኘቱ ለልጁም ለአባትየውም መዘዝ ያመጣል። አጎትዎ አገኘሁት ያሉት ባለሙያ ጋር ወስዶ ማሠራትም ከዚሁ አይለይም።

ከዚራ ያለው ነጋዴ ሳያይ ዋጋ መጥራቱ እኔን ያሳሰበኝ በገንዘቡ ማነስ አይደለም። ስለ ፈቃድ አንድም ቃል ጠይቆ ከሆነ ጥሩ፤ ካልጠየቀ ግን የጠራው ዋጋ ሕጋዊ ባልሆነ ገበያ ውስጥ የሚከፈል ዋጋ ነው፣ እንደ መነሻ እንኳ ሊያዝ አይገባውም። ከእርሱ ጋር የቃል ስምምነት እንዳያደርጉ፣ ቀብድም እንዳይቀበሉ።

በውጭ አገር ያለው ዋጋም በቀጥታ የእናንተ ሊሆን አይችልም። መሣሪያውን ከአገር ለማስወጣት የወጪውም የገቢውም አገር ፈቃድ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ታሪካዊነቱ ከተረጋገጠ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሊመለከተው ስለሚችል፣ ከአገር የማውጣት ሐሳብ ከመነሳቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ሊጠየቅ ይገባል። ተቀባዩ አገርም የራሱ ሕግ አለው። በብሪታንያ ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብዛኛው ሽጉጥ በግለሰብ እጅ እንዳይኖር ተከልክሏል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ተቆጥሮ ይላላለታል፤ በ1917 የተሠራው የእናንተው ግን ከዚያ መስመር ውጭ ነው። ዘመድዎ ያዩት ዋጋ በዚያ አገር ውስጥ ላለ ሻጭና ለዚያው አገር ገዢ የተጻፈ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎት፤ የመለያ ቁጥሩን ካገኙ በኋላ በአደባባይ አይጻፉት፣ ፎቶግራፍም ሲለጥፉ ቁጥሩን ይሸፍኑት።

የጁገል ሰብሳቢ፣ ሐረር

ወንድሜ፣ እኔ የምሰበስበው የአካባቢያችንን አሮጌ ፎቶግራፎች፣ ደብዳቤዎችና የቤት ዕቃዎች ነው። ጋሼ ስለ ታሪክ ያሉትን ግን በአክብሮት እቃወማለሁ። በአፍ የሚነገር ታሪክ ብቻውን ዋጋ እንደማይጨምር አውቃለሁ። ነገር ግን ታሪክ ወረቀት ሲሆን ዋጋ ያወጣል። የናንተም ታሪክ ወረቀት የሚሆንበት ጊዜ አባታችሁ በሕይወት ያሉበት ይህ ጊዜ ነው።

ማርክ 6 በዓለም ላይ ብዙ ከሆነ፣ የእናንተን ከብዙዎቹ የሚለየው ምንድን ነው? ከድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኛ ቤት መውጣቱና ያም መታወቁ ነው። ስለዚህ አባታችሁ ከአያታችሁ የሰሙትን፣ በራሳቸው አንደበት፣ ሳያሳምሩና ሳይጨምሩ ይናገሩ፤ አንተ ጻፈው፤ እሳቸው ይፈርሙበት፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። ከማን እንደሰሙት፣ ስንት ዓመታቸው ሳለ እንደሰሙት፣ የማያስታውሱትንም ነገር አላስታውስም ብለው ያስመዝግቡ። የማያስታውሱትን ያመነ ምስክርነት ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው ይልቅ ይታመናል። አያታችሁ በወርክሾፑ ተቀጥረው መሥራታቸውን የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀት፣ የመታወቂያ ደብተር ወይም የጡረታ ሰነድ በቤት ውስጥ ካለ አብሮ ይቀመጥ።

ፎቶግራፉን ከክፈፉ አውጥተህ ጀርባውን ተመልከተው። በዚያ ዘመን የነበሩ ፎቶ ቤቶች ብዙ ጊዜ በጀርባው ማኅተም ይመቱ ነበር፤ ቀን የተጻፈበትም ይገኛል። ከዚያ በማጉያ መነጽር የሽጉጡን እጀታ፣ የማንጠልጠያ ቀለበቱንና የማህደሩን ቅርጽ አሁን በእጃችሁ ካለው ጋር አስተያይ። በፎቶግራፉ ላይ ማህደሩ ተዘግቶ እጀታው ባይታይ እንኳ፣ የማህደሩ ክዳን ላይ ያለ ጠባሳ ወይም የተለየ ስፌት ከታየና ዛሬም ካለ ያ ትልቅ ማስረጃ ነው። የማህደሩን ክዳን ውስጥም ግለጠው፤ የሠሪው ስምና ዓመተ ምሕረት በቆዳው ላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ቆዳው ደርቆ ከሆነ በኃይል አትዘርጋው፣ ቅባትም አትቀባው።

በእኛ አካባቢ ሌሎች አሮጌ ስድስት ጎራሾችም ስለሚገኙ፣ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ቤተሰቦች ስም እንዳይቀላቀልባቸው ጥቂት ልጨምር። የጣሊያኑ ቦዴዮ 1889 ካሊበሩ 10.35 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ለተራ ወታደር የተሠራው ዓይነት የቃታ መከለያ የለውም፤ ቃታው ወደ ፊት ይታጠፋል። የፈረንሳዩ ሰንት ኤቲየን 1892 ደግሞ 8 ሚሊሜትር ነው፤ ማጉረሻው የሚከፈተው ወደ ቀኝ ጎን ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ የፈረንሳይ መሣሪያ እዚህ መገኘቱ አያስገርምም። ሦስቱም ተራ በተራ የእንግሊዝ ሽጉጥ ሲባሉ ሰምቻለሁ።

ዋጋውን በቁጥር ስለማስቀመጥ የኔ አሠራር ይህ ነው። ዘመድህ በኢንተርኔት ያየው ሻጭ የጠየቀውን ከሆነ ተወው፤ የተጠየቀ ዋጋ ምኞት ነው። በጨረታ ተሽጠው ያለቁትን ብቻ እንዲፈልግልህ ንገረው፤ ማርክ 6፣ ያልተላጠ፣ በይዞታው የእናንተን የሚመስል። እጅግ የተጠበቁት ወይም ታሪካቸው በሰነድ የተደገፈው መካከለኛ ይዞታ ካላቸው በላይ ያወጣሉ። ከጨረታው ዋጋ ላይ ደግሞ አጫራቹ ከገዢው የሚጨምረውና ከሻጩ የሚቀንሰው ድርሻ አለ፤ ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ሻጩ ኪስ የገባው አይደለም። ይህ ሁሉ ጣሪያውን ያሳይሃል። አገር ውስጥ ሕጋዊ ተረካቢ ጥቂት ስለሆነ ከጣሪያው በብዙ መውረዱን አባታችሁ ከአሁኑ ቢያውቁት ይሻላል። ቤተሰቡ በዚያ ዋጋ ልቡ ካልረካ፣ ፖሊስን አስፈቅዶ ለሙዚየም ማስረከብም አንድ መንገድ ነው። እዚህ ሐረር በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ከሰነዶችና ከአልባሳት ጋር የጥንት የጦር መሣሪያዎችንም ያሳያል። ገንዘብ ባያስገኝም የአያታችሁ ስም ከዕቃው ጋር ይቆያል።

የምድር ባቡር ልጅ፣ ድሬዳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴ የጋሼን ጽሑፍ ካነበብኩላቸው በኋላ ውልወላውን ትተውታል። አባቴ ባሉበት የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከትን።

በዋናው አካል ላይ፣ ከቃታው በላይ፣ የደረቀ ቅባትና አቧራ ሞልቶት የነበረ ምልክት በጨርቅ ሲጠረግ ወጣ፤ ዩ ፊደል ሲሆን በውስጡ የቀስት ጫፍ አለበት። አባቴ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የተጋጠሙ ሁለት ቀስቶች የሚመስል ነገር ፈልገን አላገኘንም። ማጉረሻው የተላጠ አይመስልም። የአፈሙዙ ውስጥ ወደ ፊት ጫፉ ጥቂት የተበሳሳ ቦታ ቢኖረውም ቦዮቹ በግልጽ ይታያሉ፤ መምቻው ሲነሳም ማጉረሻው ጥብቅ ብሎ ይቆማል።

ሆኖም የመለያ ቁጥሩ በዋናው አካልና በአፈሙዙ ላይ አንድ ሲሆን በማጉረሻው ላይ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህ ሽጉጡ አስመስሎ የተገጣጠመ ነው ያሰኘው ይሆን? ለገዢውስ ልንነግረው ይገባል? የማህደሩ ክዳን ውስጥ በደበዘዘ ጽሕፈት 1940 የሚል ይነበባል፤ የሠሪው ስም ግን ተፍቋል። የአባቴን ቃል ነገ መጻፍ እንጀምራለን፤ ማመልከቻውንም አዘጋጅተናል።

የግምጃ ቤት ሰው፣ ሐረር

ልጄ፣ ምልክቱን በማግኘትህ ደስ ብሎኛል። እህቴ የጁገል ሰብሳቢ ያሉትም ልክ ነው፤ ብረቱ ሽጉጡ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ንብረት እንደነበር ይመሰክራል፣ በአያትህ እጅ የገባበትን ቀንና ምክንያት ግን አይናገርም። ያን የሚሞላው የአባትህ የተፈረመ ቃልና ፎቶግራፉ ነው። ማህደሩ 1940 ማለቱ ጦሩ ከገባበት ከ1941 እ.ኤ.አ. አንድ ዓመት ብቻ የሚቀድም ስለሆነ ከታሪኩ ጋር ይስማማል። ስለ ማህደር ቀደም ብዬ ከብረቱ ጋር አታስቀምጠው ማለቴ ዋጋ የለውም ማለት አልነበረም፤ አብሮ ይሸጥ፣ አብሮ ይጻፍ።

የማጉረሻው ቁጥር መለየት አስመስሎ መሥራትን አያሳይም። በጦር ግምጃ ቤት ውስጥ ማጉረሻ ሲጎዳ ከሌላ ሽጉጥ ተወስዶ ይተካ ነበር፤ እኛም በዘመናችን አድርገነዋል፣ ሥራው ያ ነው። ሆኖም ሰብሳቢ ሦስቱም ቁጥር የገጠመለትን ስለሚመርጥ ዋጋው ይቀንሳል። እንግዲህ የናንተው ሽጉጥ ያልተላጠ፣ ማኅተሙ የተነበበ፣ አሠራሩ ጤነኛ፣ ማጉረሻው የተተካ፣ አፈሙዙ ጫፉ ላይ የተጎዳ፣ እጀታው ትንሽ የተሰበረ ነው። በጨረታ ከተሸጡት ጋር ስታስተያይ ከመካከለኛዎቹ መደብ እንጂ ከላይኞቹ ጋር አታስቀምጠው። ሰነዱ የሚጨምርለት ከዚህ መደብ ላይ ተነስቶ ነው።

ለገዢው መንገርን በተመለከተ ጥርጥር አይግባህ፣ ንገረው። የግምት ወረቀቱን ስትጽፍ የማጉረሻውን ቁጥር መለየትና የአፈሙዙን መበሳሳት በመጀመሪያዎቹ መስመሮች አስገባ፣ የዩ ምልክቱንና የማህደሩን ዓመት ከዚያ አስከትል። ገዢው ያልተነገረውን ጉድለት ራሱ ሲያገኝ ያልተነገረው ሌላም አለ ብሎ ያስባል፣ የተነገረውንም ታሪክ ይጠራጠራል። ወረቀቱን በሦስት ቅጂ አድርገው፤ አንዱ ከማመልከቻው ጋር ለፖሊስ፣ አንዱ ለተረካቢው፣ ዋናው በአባትህ ፊርማ ለእናንተ ይቅር።